የአያቴ መርፌ ቁልፍ

አያቴ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ከካዛንቺስ ቤታችን ሲወጡ፣ ግራ ደረታቸው ላይ ባዶ መርፌ ቁልፍ ይሰኩ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ያገኙት ሜዳሊያ በስምና በአባት ስም በሚመስላቸው ሌላ ወታደር ማህደር ተመዝግቦባቸው ነበር፤ የአያት ስም ብሎ የጠየቀ ጸሐፊ አልነበረም። ሜዳሊያው እጃቸው ላይ እያለ፣ "መዝገቡ ሳይስተካከል አላደርገውም" ብለው ለዓመታት መዝገብ ቤት ተመላለሱ።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ "አባባ፣ ደረትዎ ላይ መርፌ ቁልፍ ረስተዋል" አለቻቸው።

"አልረሳሁም ልጄ። ወረፋ ላይ ድንጋይ ታስቀምጡ የለ? ቦታ ይዞልኝ ነው።"

መዝገቡ የተስተካከለ ዕለት ሜዳሊያውን አድርገው በእግራቸው መጡ። ዝናቡ አባርቶ፣ አስፋልቱ ላይ ሰማይ ተኝቶ ነበር፤ አያቴ በደመና ላይ የሚራመዱ መሰለኝ። መርፌ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት።

"በቃ፣ አንቺ ያዢው።"

አሁን ሜዳሊያው ፎቷቸው ሥር ተሰቅሏል። ኮቱ ከበሩ ጀርባ ነው፤ ነፋስ እጅጌውን ሲያነሳው ሊወጡ የተነሱ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋት መርፌ ቁልፉን አውጥቼ ግራ ደረቱ ላይ መልሼ ሰካሁት።

ቦታቸውን ይዞ ይቆይልኝ።