ከባሕር ማዶው ጠበቃ ጋር የከረምሁበት ክረምት

ድምፄን ያጣሁት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ጉሮሮዬ ላይ እባጭ ተገኘና አዲስ አበባ ሄጄ ኦፕራሲዮን ሆንሁ። እባጩ ክፉ አልነበረም፤ የድምፅ አውታሬ ግን ተጎድቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምናገረው በሹክሹክታ ነው። ለሌላ ሰው ይህ የሚቻል ጉዳት ይሆን ነበር። እኔ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ዕድሜዬን በጥብቅና የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ችሎት ቆሜ ስናገር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ባለጉዳይ ይሰማኝ ነበር።

ከሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ ችሎት ቀረብሁ። ዳኛዋ ደግ ሴት ናቸው። «ጠበቃ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» አሉኝ። ጠጋ አልሁ። «አሁንም አልተሰማም፤ ጠጋ ይበሉ» አሉኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ደንበኛዬ፣ በቆጋ መስኖ መሬት የተካሰሱ ሽማግሌ፣ ወደ መሬት አቀርቅረው ቀሩ። በዚያው ሰሞን መዝገቦቼን ለሌሎች ጠበቆች አስረክቤ ቢሮዬን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ቆይቷል። አንዲት ልጄ ሐዋሳ ነው ያገባችው። ስትደውል «አባዬ፣ አይሰማኝም፤ በቃ ጻፍልኝ» ትላለች፤ ድምፅዋ ሲሰበር ስለምሰማ ስልኩን ማንሳት ተውሁ። ከሥራ በኋላ ሐይቁን ዳር ዳሩን አብሮኝ የሚሄድ ጓደኛ ነበረኝ፣ እሱም ጠበቃ። መጀመሪያ ሰሞን እየመጣ የእኔንም የእሱንም ድርሻ ብቻውን ያወራ ነበር። ኋላ መምጣቱን አራራቀው፤ ኋላም ቀረ።

በዚህ መሃል ውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ ጻፈችልኝ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የኖረ አንድ ጠበቃ ደብዳቤዎች አሉ፤ ፎቶ ተነሥተዋል፤ የሕግ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው እያነበበ በኮምፒውተር እንዲተይባቸው ይፈለጋል። «ድምፅ የማይጠይቅ ሥራ ነው» አለችኝ። ቅር ሳይለኝ ተቀበልሁ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮቱ ሥር እቀመጥና አነባለሁ። ጽሕፈቱ መጀመሪያ አስቸገረኝ። በዚያ ዘመን «ኤስ»ን አስረዝመው «ኤፍ» ያስመስሉት ኖሯል፤ አንዱን ገጽ ስታገል ቀኑ ይመሻል። ሰውየው የላከውን ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩን በአንድ ጥራዝ ያስቀር ነበር፤ የሥራውም የቤቱም ተከታትሎ ተጽፏል። የተጻፈለት መልስ ግን አብሮ የለም። ስለዚህ የምሰማው እሱን ብቻ ነበር።

በአንዱ ደብዳቤ የወፍጮ ግድብ ውኃ የጎረቤት ማሳ አጥለቅልቆ ባለቤቶቹ ተካሰዋል። የባሏ ወንድሞች መሬቷን የነጠቋት ሴት አለች። «ይኸስ እኛም ዘንድ አለ!» እያልሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ከእነዚህ መሃል ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ለሄደ ወንድሙ የጻፋቸው ይመጣሉ። መርከብ ገባ፣ ያንተ ደብዳቤ ግን አልመጣም፤ ታመህ እንደሆነ በሰው እጅ አስጽፍልኝ፣ ይለዋል። ሌላ መርከብ ይገባል፤ ያንኑ ይጽፋል።

አንድ ቀን ለደንበኛው ስለ ድንበር ክርክር ከጻፈው ሥር፣ ባለቤቴን ቀብሬ ስለ ነበር ሰነዶቹ ዘግይተዋል፣ ይቅርታዎን፣ የሚል አነበብሁ። ሌላ ምንም የለም። መተየቡን አቆምሁ። እኔም ሚስቴን በቀበርሁ ሰሞን ቀጠሮ እንዲዛወርልኝ ለፍርድ ቤት ስጽፍ ከዚህ የበለጠ ቃል አልወጣኝም ነበር። «እግዜር ያጥናህ» አልሁት፣ በዚያች በሹክሹክታዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ኮምፒውተሩን ስከፍት «እንዴት አደርህ?» እለው ጀመር። ሰው ቢሰማኝ አበደ ይለኝ ነበር፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የውርስ ጉዳይ ላይ ደረስሁ። ደንበኛው ሞቶ ወራሾቹ ምክር ጠይቀዋል። ጠበቃው ንብረቱን ይዘረዝራል፦ አልጋ፣ ሣህን፣ በሬዎች፣ አንዲት ሴት፣ ሴት ልጇ። ቀጥሎም እናትና ልጅ ለየብቻ ቢሸጡ የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ ብሎ ይመክራል። ከዚያ ጥርሱን እያመመው እንደሆነ ይነግራቸውና ለቤተሰቡ ሰላምታ አቅርቦ ይፈርማል። ስለ ሚስቱ የጻፈበት ያው ያማረ ጽሕፈት ነው።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላስብ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ከጓደኛዬ ቢሮ ደረስሁ። ባለጉዳይ ይዞ ነበር። ፊቴን ሲያይ ሰውየውን ሸኘና፣

«ምን ሆንህ? ልጅህ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት። እንውጣ» አልሁት።

ሐይቁ ዳር ወርደን ደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጆሮውን አስጠግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር? ዘመኑ እንዲያ ነበረ እኮ» አለ።

«ዘመኑንማ አውቃለሁ። ግን ክረምቱን ሙሉ ያሳለፍሁት ከእሱ ጋር ነው። ሌላ የማወራው ሰው አልነበረኝም።»

ነፋሱ ተነሥቶ ውኃው ድንጋዩን ይመታ ጀመር።

«እኔ ዘንድ ለምን አልመጣህም?» አለኝ።

«አንተስ ለምን ቀረህ?»

«ስትናገር የሚያምህ እየመሰለኝ ነዋ! መጥቼ ባስወራህ ቁስልህን የምነካካ እየመሰለኝ...»

«አያመኝም» አልሁት።

«አያምህም?»

«ምንም አያመኝም። የሚወጣው ቀጭን ነው እንጂ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «አንተ ሰው፣ ይህን እንኳ ብትነግረኝ ምናለ» አለ። ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርሁትም።

ከሰነበትሁ በኋላ ወደ ሥራው ተመለስሁ። ያችን ገጽ አንድ ቃል ሳልዘል ተየብሁ። የሴቲቱ ስም ላይ ቀለም ፈስሶበታል፤ የፊደላቱን ቅርጽ ከሌሎች ገጾች ጋር እያስተያየሁ አወጣሁት። የልጅቱ ስም አልተጻፈም። ባልንጀራዬን የእናቲቱ ስም በማውጫው እንዲገባ ለመንኋት፤ «ይገባል» ብላ መለሰችልኝ።

የቀሩትን ገጾች ጧት ጧት ሰላምታ ሳልሰጥ እየከፈትሁ ጨረስሁ። ስለ ወንድሙ የጻፈው ሲመጣ አሁንም አዝንለት ነበር፤ በዚያም በራሴ እናደዳለሁ። ወንድሙ ይመልስለት አይመልስለት ጥራዙ አይናገርም። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር አለብኝ። ጓደኛዬ ቀን ሲመቸው ይመጣል፤ የማይመቸው ቀን ይበዛል።

ዘንድሮ ይግባኞቹን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ክርክር ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳመጥሁት። አንዲት በጣም የደከምሁባትን ዓረፍተ ነገር ዘለላት። ከችሎት ስንወጣ ለምን እንደዘለላት ጠየቅሁት።

«ረዘመችብኝ» አለኝ።