የዘለልናት ጥያቄ

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የአእምሮ ሕክምና የምንለማመደው አንድ አዛውንት ታካሚን በመጠየቅ ነው። ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይመጣሉ፤ የፒጃማቸው እግር ግን ከሥር ይታያል። የኮቱ አንድ ቁልፍ በቀይ ክር የተሰፋ ነው። የማን እጅ እንደሰፋው ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

ስንት ዓመት ሲጠየቁ እንደኖሩ እንጃ፣ ጥያቄዎቹን ከእኛ በላይ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ቀኑን ይነግሩናል፤ ለትኩረት ፈተናው ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይወርዳሉ። ተማሪው ከተደናበረ ደግሞ «አይዞህ ልጄ፣ አሁን ድምፅ ይሰማዎታል ወይ በለኝ» ይሉታል። እንስቃለን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

የዛሬዋ ጠያቂ ዓይን አፋር ተማሪ ነበረች። ጨረስኩ ብላ ደብተሯን ስታጥፍ፣

«አንዷን ዘለልሻት፣ ልጄ» አሏት።

የትኛዋን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። መምህራችን «መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይከተውም፤ ጠይቁ» ብለውን ነበር። አፍ ግን አይደፍርም።

«ራስዎን... ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» አለች በሰለለ ድምፅ።

ሌላ ጊዜ «ኧረ የለም!» ብለው የሚያልፉት ሰው ያቺን ባለቀይ ክር ቁልፍ ይነካኩ ጀመር።

«ለትምህርቱ ነው ወይስ ለእኔ?»

ልጅቷ ከኋላዋ ወደተቀመጡት መምህራችን ዞራ አላየችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለእርስዎ ነው፣ አባባ።»

የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«እንግዲያው ወንበርሽን ቀረብ አድርጊው» አሉ።