የተሰረቀው የወፍጮ ቺንጋ

ያንን ወፍጮ ሲፈጭ አላየሁትም። እንደሚፈጭ አድርጌ ግን በጋዜጣ ጽፌአለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔም የአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። የተወለድኩት መካነ ሰላም ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩና ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ከዚያው ከአገሬ ከቦረና፣ ከከላላ ወይም ከለጋምቦ ዜና በተፈለገ ቁጥር አለቃዬ "አንተ አገሩን ታውቀዋለህ" ብሎ እኔን ይልካል። አገሩን ማወቅ ማለት ለእሱ በጭነት መኪና ላይ መንገላታትን መቻል ነበር።

ያን ጊዜ የተላክሁት ከላላ አጠገብ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ወፍጮ ስለ መትከሉ እንድጽፍ ነው። ከመካነ ሰላም ወዲያ በበቅሎ ሄድኩ። ስደርስ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ሴቶች እህላቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ። ወንዶቹ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠዋል።

ዳር የተቀመጡትን ቄስ ተጠግቼ "ምን ተገኘ፣ አባ?" አልኳቸው።

"አውጫጭኝ ነው፣ ልጄ። የወፍጮው ቺንጋ ተሰረቀ።"

ቺንጋ የሚሉት ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘውን ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ቢጮህም ድንጋዩ አይዞርም። ማኅበሩ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ንብረት ሲጠፋ ግን ሰዉ የሚያምነው በጥንቱ ወግ ነው። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሦስት የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ እየሄደ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይነግራል። ማን ምን እንዳለ አይገለጥም። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ "ወፍ ነገረችን" ነው የሚሉት።

እስኪጨርሱ ድረስ ወፍጮ ቤቱን ልየው ብዬ ጠየቅኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሰው ከፈተልኝ። ደሴ ወርዶ ጥቂት ሳምንት የሠለጠነ፣ እጁን በሱሪው ላይ ደጋግሞ የሚጠርግ ጎልማሳ ነበር። ያየሁትን ሁሉ የመጻፍ ልማድ ስለነበረኝ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። ቁልፉ አልተሰበረም። መስኮቱ ሰው አያስገባም። ጥግ ላይ የሞተር ዘይት ቆርቆሮ አለ፤ ማሸጊያው አልተነካም።

"ሥራ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?" አልኩት።

"ሦስት ወር አልፎታል" አለና በሩን መልሶ ቆለፈ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አንደኛው ተነሥተው "ወፍ የነገረችን ሸማኔውን ነው" አሉ።

ሸማኔው በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል። ከዓባይ ማዶ የመጣ፣ በዚያ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ሲመሻሽ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ታይቷል። ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ ያ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ያልፍ ነበር፤ ይህን የተናገረለት ግን አልነበረም።

ተነሥቶ ቆመና "እኔ ቺንጋ ምን ያደርግልኛል?" አለ።

"ለጫማ ሶል ትሸጠዋለህ!" አለው አንድ ሰው ከኋላ።

በዚያው ጥፋተኛ ተባለ። ወደ መካነ ሰላም የሄድነው በአንድ መንገድ ነው። እኔ በበቅሎ፣ እሱ ወደ እስር ቤት እጁን ታስሮ ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር በእግሩ። ምንም አልጠየቅኩትም።

አዲስ አበባ ስመለስ የሆነውን ሁሉ ሁለት ገጽ አድርጌ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ጓድ፣ ሕዝቡ የገዛ ወፍጮውን ሰረቀ ልትለኝ ነው?"

"የሆነው ይኸው ነው።"

"ወፍጮው ተተክሏል ወይስ አልተተከለም?"

"ተተክሏል።"

"እሱን ጻፋ!"

ጻፍኩ። እናቶች ከእጅ ወፍጮ ድካም መገላገላቸውን አተትኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ወጣ።

ከሰባት ወር በኋላ ወላጆቼን ልጠይቅ መካነ ሰላም ሄጄ ገበያ ላይ እነዚያን ቄስ አገኘኋቸው። ስለ ሸማኔው ጠየቅኳቸው።

"ተፈታ እኮ! እናንተ ሰዎች አልሰማችሁም?" አሉኝ፤ የጋዜጣ ሰው በመሆኔ ብቻዬን ብዙ አድርገውኛል። "አዲስ ቺንጋ ከደሴ መጥቶ ቢታሰር ሞተሩ ወይ ፍንክች። መካኒክ ሲፈታው ውስጡ ነዷል። ያ ሞተር አስነሺ ዘይት ሳይጨምርበት ሲያስነሳው ኖሮ!"

የተቀረውን ራሱ ሰውየው አምኗል። ሞተሩ እጁ ላይ ሲቃጠልበት የኢኮኖሚ አሻጥረኛ መባልን ፈራ። የዚያን ጊዜ ያ ስም ሰው ይበላ ነበር። ቺንጋው ከጠፋ ሞተሩን ላስነሣ የሚል አይኖርም ብሎ ራሱ ፈትቶ ከጭድ ክምሩ ሥር ቀበረው። ወደ ደሴ ወሰዱት ተባለ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ተመልሼ የድሮውን ደብተር ገለጥኩ። ማሸጊያው ያልተነካው ዘይት በእጅ ጽሑፌ ተጽፏል። አንድን ሰው ሊያስፈታ ይችል የነበረ መስመር ሰባት ወር መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አፈርኩ። ከኀፍረቱ ጋር ግን እንቆቅልሽ የተፈታለት ሰው ደስታም ተሰማኝ፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

የመጀመሪያ ልቦለዴን የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሲያልቅ ሳንሱር ክፍል አስገባሁት። የተቀበለኝ ሹም ትሑት ሰው ነበር። "ድርሰቱ አንባቢን ይዞ ይሄዳል፤ ታሪኩ ግን ከአብዮቱ በፊት ይሁን" አለኝ። ማኅበሩን ባላባት፣ ሞተር አስነሺውን የባላባት አሽከር፣ ሸማኔውን ጭሰኛ አደረግኩት። መጽሐፉ ታተመ፤ ባላሰብኩት ፍጥነትም አለቀ። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ሌላ ወንጀል መቼ ትጽፋለህ ይሉኝ ጀመር። ጋዜጣው ላይ አምስት ዓመት ስጽፍ ስለ አንዱም ዜናዬ የጠየቀኝ የለም።

ሸማኔው ከእስር እንደወጣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አቀስታ ተዛውሮ ነበር። አንድ መጽሐፍ ይዤለት ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ደብተሬ ላይ የነበረውንም አልደበቅኩም። "አብሽር፣ ያለፈ ነገር ነው" አለኝ። ማንበብ አይችልም፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። እሱ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምናል። ሁለት ቀን ፈጀብን።

ሲያልቅ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

"ሌባህን ክፉ አደረግከው" አለኝ።

"አንተን ያሳሰረ ሰው ነዋ!"

"አዎ፣ አሳስሮኛል። እኔ ታስሬ ሳለሁ ግን ለሚስቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ቁና እህል እየተሸከመ ይመጣላት ነበር። ሌላው ጎረቤት ደጃችንን ሲሸሽ እሱ ብቻ ነው የመጣ። ደግ ሰው ነው ብላ መርቃዋለች።"

"ይህንን ማንም አልነገረኝም።"

"አልጠየቅክማ።"

ልጅቱ መጽሐፉን ትተህልን ሂድ አለችኝ፤ ተውኩላት። በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወረድኩ። በዓመቱ የጋዜጣውን ሥራ ለቀቅኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት የወንጀል ልቦለድ ጽፌአለሁ፤ የመጀመሪያውን በድጋሚ እንዳሳትመው አሳታሚዎች ደጋግመው ቢጠይቁኝም እስካሁን እሺ አላልኩም።