«ማን ነካኝ?»

እህቴ በተማሪ ሁሉ ፊት ውሸታም ተብላ ከትምህርት ቤት ተባረረች። እህቴ ውሸታም አልነበረችም። ትምህርቴ ጥቂት ቢሆንም ይህን በገዛ እጄ የምጽፈው ሳልሞት እንዲታወቅላት ብዬ ነው።

ዛሬም እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታው ቸርኬ በመዶሻ ሲመታ ጀርባዬን ይበርደኛል። የትምህርት ቤታችን ደወል ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር።

ይህችን ታናሽ እህቴን ክፉ ትኩሳት ይዟት ከርሞ ሲለቃት «አልሰማም» አለች። ከዚያ ወዲህ የምንላትን የምታውቀው ከንፈራችንን እያየች ነው። ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር ነበራት። አንድ ቀን በጉም ውስጥ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ከኋላችን ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ። ትከሻዋ ዘለለ። ቀስ ብላ ዞረችና ባዶውን መንገድ እያየች «ማን ነካኝ?» አለች። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከፊቷ ነበርኩ። ለእናቴ ስነግራት አማተበች።

መምህሩ ግን «የማትሰማ ታስመስላለች» አለ።

«እህቴ አትዋሽም! ከፈለጉ ይፈትኗት!» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።

«እንግዲያው አንቺው ምቺ» ብሎ የደወሉን መምቻ ብረት ሰጠኝ።

እህቴ ጀርባዋን ለደወሉ ሰጥታ ቆመች። ሣሩ ረጥቧል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ጉሙ እስከ ጉልበታችን ወርዶ ነበር። ተማሪው ሁሉ ሊያይ ከበበን። እንደማትሰማ እርግጠኛ ስለነበርኩ ባለኝ ኃይል ሁሉ መታሁት።

ትከሻዋ ዘለለ።

«ሰማች! ሰማች!» ብለው ጮኹ። አንዱማ «ደንቆሮዋ ዳነች፣ እልል በሉ!» ብሎ አሳቃቸው። እሷ ዞረች። እኔን አልፋ ከኋላዬ ያለውን ጉም እያየች «ማን ነካኝ?» አለች።

«ደብተርሽን ይዘሽ ውጪ፣ ውሸታም!» አላት መምህሩ። ከንፈሩን አይታ ገባት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተች። ብረቱ ገና እጄ ላይ ነበር።

ቤት ስንደርስ እኔም ጮኽኩባት፦ «ሰምተሻል! በዓይኔ አይቼሻለሁ!»

«አልሰማሁም» አለች። ዳግም ደብተር ሳትይዝ ጥጥ ስትፈትል አረጀች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣንም። ባለፈው ክረምት ቀበርናት።

ዘንድሮ የእኔም ጆሮ ሲደክም ባጃጅ ይዤ እንጅባራ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጄን የምታህል ሐኪም ነበረች። ጆሮዬን አይታ ስትጨርስ የእህቴን ነገር ነገርኳት። ሰማችኝና ወረቀት ስባ ሥዕል ሣለችልኝ። ድምፅ ከጆሮ ወደ አንጎል ሲወጣ መንገዱ ላይ ታላመስ የሚባል አቀባይ አለ። ድምፁን ተቀብሎ፣ ድምፅ መሆኑ ወደሚታወቅበት የአንጎል ክፍል ያሳልፈዋል። ድንጋጤ ግን የሚነሣው ከታላመስ በታች ነው፤ የእሱን ማሳለፍ አይጠብቅም።

«እማማ፣ እሳቸውን ሳልመረምር እርግጠኛ ነኝ አልልዎትም» አለችኝ። «ግን ትኩሳቱ ታላመሱ ላይ ጎድቷቸው ከነበረ ሰው የነካቸው ያህል ሰውነታቸው ይደነግጣል እንጂ እሳቸው ምንም አይሰሙም። አልዋሹም ማለት ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን የነካት ማን ነው?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እርስዎ የመቱት ደወል ነዋ፣ እማማ።»