ካርታው ላይ ያለው መቃብሬ

ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ሞቼ ነበር። የሞትኩት ግን ደብረ ታቦር ላይ አይደለም፤ ከዋክብት መካከል ነው።

ማመልከቻ የምጽፍባት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ደንበኛ ሲጠፋ በኮምፒውተሬ የጠፈር ጨዋታ እጫወታለሁ፤ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በየመርከቡ ሆኖ የሚነግድበት፣ የሚዋጋበት ጨዋታ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እንግሊዝኛውንም እየነካካሁ ነው የለመድኩት። መንገድ ያሳዩኝ ተጫዋቾች ለተጫዋቾች የሠሯቸው ድረ ገጾች ናቸው። አንዱ ማዕድን የት ገበያ እንደተወደደ ይናገራል። አንዱ የከዋክብቱ ካርታ ነው፤ ሽፍታ ያደፈጠበትን መተላለፊያ በቀይ ያሳያል። ሌላው መርዶ ነጋሪ ነው፤ የማን መርከብ የት እንደጋየ ይመዘግባል። ይፋግ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ የመንገዱን ወሬ ጠይቆ እንደሚነሳ፣ እኔም እነሱን ሳልጠይቅ አልነሳም።

አብራኝ የምትበር አንዲት ሴት ነበረች። አገሯ ሩቅ ነው፣ መልኳን አላውቀውም። ማዕድን ስንቆፍር ተረት እየፈጠርኩ በቻት አወራላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ከዚያስ?» እያለች ታስጨርሰኛለች። አንድ ቀን ተረቱ መሀል ላይ፣ አንዲት ልጅ የወንዝ በር እንደከፈተች፣ ኔትወርክ ተቋረጠ። ለብዙ ወራት አልተመለሰም።

ሲመለስም አቅም አልነበረውም። ጨዋታው አልከፈት አለ፤ ድረ ገጾቹ ግን ቀላል ስለሆኑ በስልኬ ተከፈቱ። ከሥጋዋ የወጣች ነፍስ ቤቷን በመስኮት ብታይ እንዲህ የምትሆን ይመስለኛል፤ ሁሉን አያለሁ፣ ማንንም መጥራት አልችልም። ካርታው ላይ፣ መጨረሻ ከቆምኩበት ቦታ አጠገብ ምልክት ተተክሏል። የጨዋታ ስሜ ተጽፎ ከሥሩ «እዚህ ዐረፈች» ይላል። ተጫዋቾቹ ስለ አገሬ ክፉ ወሬ ሰምተው፣ ዝምታዬን ሲያዩ ሞታለች ብለዋል።

መርዶ ነጋሪውን ስከፍት የባሰ አየሁ። ያቺ ሴት በየሳምንቱ እሑድ ምልክቴ ሥር መብራት ልታኖርልኝ ትሄዳለች፤ ከጋየው ጭነቷ መካከል ሁልጊዜ መብራት ተመዝግቧል። መንገዱ የሽፍታ ነው። መርከቧ ይጋያል፣ ሌላ ገዝታ ትሄዳለች፣ ያም ይጋያል። ያፈራችውን ሁሉ በባዶ መቃብር ላይ እየጨረሰችው ነው።

ጋፋት በኩል የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ልጅ ስላልወለዱ ተዝካራቸውን በሕይወት እያሉ፣ በቁማቸው ደግሰዋል። ለሳቸው ነገርኳቸው። ስለ ጠፈሩ ብዙም አልገረማቸው።

«እኔስ ተዝካሬ ላይ ተቀምጬ ጠላውን አብሬ ጠጣሁ። አንቺ የገዛ ድግስሽ አመለጠሽ» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «በይ ያቺን ሴት አሳርፊያት። ቆመሽ እየሄድሽ ሰው ማስለቀስ ነውር ነው» አሉኝ።

ካርታው ሥር አስተያየት መጻፊያ አለ። አልሞትኩም፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተሰርዞ አገኘሁት። ለካርታው ባለቤቶች የሟች አካውንት የሰረቀ ሌባ መስያቸዋለሁ።

ኔትወርኩ ሲበረታ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጨዋታውን ከፈትኩና ምልክቴ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት። መጣች። መብራቷን አኖረች። ከዚያ አየችኝና መርከቧን አስጠግታ ጻፈች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌው ሳነበው ለራሴም አስፈራኝ፤ መንፈስም ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ተረቱን ጨርሽልኝ። ልጅቷ የወንዙን በር ከከፈተች በኋላ ምን ሆነች?»

ተረቱን የፈጠርኩት እያወራሁ ነበር፤ ወዴት ልወስደው እንደነበር ጠፋኝ። የመጣልኝን ጻፍኩ። ልጅቷን ጎርፉን አሻገርኳት፣ እናቷ ዘንድ አደረስኳት።

«እሷ ብትሆን ከዚህ አሳምራ ትጨርሰው ነበር» አለችኝና መርከቧን አዙራ ሄደች።

አልተከተልኳትም። ምን ልበላት? ከነዚያ ወራት በፊት የነበረችው ተራኪ የት እንደገባች እኔም አላውቅም።

አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ካርታውን ከፍቼ ቀይ የሆነውን መተላለፊያ አያለሁ፤ ቀድሜያትም እሄዳለሁ። ሽፍቶቹ እኔን እያሳደዱ ሲርቁ እሷ በሰላም ታልፋለች። መርከቤ ሲጋይ መርዶ ነጋሪው ስሜን ይመዘግባል፤ ታየው እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተቃጠለችም። ለቅሶዋን ደርሳ ትመለሳለች።