እሁድ የታየ ቤት

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት እናቴ ዓረብ አገር የምሄድ ይመስል አለቀሰች። የምሄደው ግን ቡራዩ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተው «በሰላም ግቢ፣ ስትደርሺ ደውዪ» ሲሉኝ፣ ፍራሼንና ሁለት ሳፋ ዕቃዬን የጫነው የአይሱዙ ሹፌር ሳቁን መደበቅ አቅቶት ነበር። አትፍረዱባቸው፣ እዚያ ግቢ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረናል። አከራያችን «ጨምሩ ወይ ልቀቁ» ሲሉን እናቴና የስምንት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ወደ ወንድሜ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ለእኔ ግን እዚያ ጎኔን የማሳርፍበት ወለል እንኳን አልተረፈም። ስለዚህ ስደቱ የእኔ ሆነ። ቤዛ መኪናው ሊነሳ ሲል ቀሚሴን ያዘችና መቼ እንደምወስዳት ጠየቀችኝ። ቤት ላደላድልና ወዲያው፣ አልኳት። ስትለቀኝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው።

ቤቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም። መሀል ከተማ ያለ ኬክ ቤት ውስጥ የሠርግ ኬክ ሠሪ ነኝ፤ የስኳር ጽጌረዳ ስሠራ ንብ ይሸወዳል። ዕረፍቴ እሁድ ብቻ ስለሆነ ሦስት እሁድ ሦስት ከተማ ዞርኩ።

መጀመሪያ ሱሉልታ ሄድኩ። እንጦጦን ተሻግሬ ያ ሜዳ ሲከፈትልኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰማይ እንዲህ ሰፊ መሆኑን በሠላሳ አራት ዓመቴ ገና ማየቴ ነው። ኪራዩም ረከስ ያለ ነው። ግን ደላላው ክፍሉን እያሳየኝ ሳለ መስኮቱ ተንኳኳና «ሰው መጣ መሰለኝ» ስለው፣ «የለም፣ ንፋሱ ነው፤ እሱም ተከራይ ነው» አለኝ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ሰበታ ወረድኩ። እዚያ ሥራው በየፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል፤ እኔ የማውቀው ሥራ በዘመድ የሚገኝበትን አገር ነው። ደስ ብሎኝ አንዱን ጥበቃ ደመወዙን ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ እኛ ሥራ አለ ነው ያልነው» ብሎኝ እርፍ።

በሦስተኛው እሁድ ቡራዩ ገባሁ። የገፈርሳን የውሃ ግድብ ከባሕር ዛፉ መሀል ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዘመን የጠጣሁት፣ ቤዛን ያጠብኩበት ውሃ እዚህ ተኝቶ ኖሯል! አከራዬ ኦቦ ለሜሳ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። በግቢው ውሃ እንዳለ ጠየቅኳቸው።

«ቢሻን?» አሉና በከዘራቸው ማዶውን አሳዩኝ። «ያ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የቧንቧውን ማለቴ ነው፣ ኦቦ።»

«የቧንቧው ወደ እናንተ ሄዷል። እዚህ በጄሪካን ነው የምንገዛው።»

ሳቅን። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ቀን እንግዳ ይህን የሚያደርግ አከራይ ካለ አድራሻውን ስጡኝ። ስመለስ ታክሲው እንደ ወፍ በረረ፤ በሠላሳ ደቂቃ ሥራ ቦታዬ በር ላይ ነበርኩ። ኪራዩ የአዲስ አበባው ግማሽ፣ መንገዱ ሠላሳ ደቂቃ፣ ደመወዜ እንዳለ። ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ቀብዱን ከፈልኩ።

ቤት ፈላጊዎች ሆይ፣ ከእኔ ተማሩ። ቤት እሁድ አይታይም! እሁድ ቀን አገር ሁሉ ተኝቷል፣ መንገዱም ተኝቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሰኞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ማልጄ ተነሳሁ» ብዬ ኮራ ብዬ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ኧረ የጉድ አገር! ሰልፉ ከታክሲው መቆሚያ ተነስቶ ጥግ ይዞ፣ ታጥፎ፣ ጨለማው ውስጥ ይገባል። መጨረሻውን ፍለጋ ስሄድ፣ ስሄድ አላልቅ አለኝ። ደግሞ ማንም አይጮህም። ጥበቃው፣ አስተናጋጇ፣ ነርሷ፣ ግንበኛው፣ ሁሉም አንገቱን በጋቢና በሻርፕ ጠቅልሎ በእንፋሎቱ እየሞቀ ቆሟል። ከፊቴ የነበረችው ሴት «አካም ቡልቴ» አለችኝ። እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፤ የማላውቀው ሰው እንዲህ ካለኝ ስንት ዘመኔ። ከቤቷ ስንት ሰዓት እንደወጣች ጠየቅኳት። በአሥር ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ሰልፉን ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ አዲስ አበባ ስነቃ ሁሉም ነገር ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ሻይው ፈልቶ ነው የማገኘው። ማን ተነስቶ እንደሚያፈላው አስቤ አላውቅም ነበር።

ሥራ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። አለቃዬን ከቡራዩ ነው የመጣሁት ስለው፣ «ከቡራዩ ከሆነ ትናንት መነሳት ነበረብሽ» አለኝ። አለቃ ሆኖ እውነት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እኔም የአሥር ሰዓት ሰው ሆንኩ። ማታ የምገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የገዛ ቤቴን በፀሐይ ያየሁት እሁድ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ኦቦ ለሜሳ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ አንቺ ቤት ሳይሆን አልጋ ነው የተከራየሽው» አሉኝ። ቤዛን አምጥቼ ማን እጅ ላይ ነው የምጥላት? ተኝታ ትቻት ወጥቼ ተኝታ ላገኛት ነው?

ትምህርት ሲዘጋ ቤዛን አንድ እሁድ አመጣኋት። አቤት ደስታዋ! ውሃውን አይታ «ባሕር ነው?» አለች፤ ከአዴ ጫልቱ የልጅ ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ጉንጯ ቀላ። ማታ አንገቴን አቅፋ፣ እዚሁ ልቅር አለችኝ። እሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔን ያታለለኝ እሁድ እሷንም ሲያታልላት ዝም ብዬ ማየት ከበደኝ። ሰኞ ሌሊት በአሥር ሰዓት ቀሰቀስኳትና በጋቢ ጠቅልዬ ሰልፉ ላይ አቆምኳት።

ወደፊት አየች፣ ወደኋላ አየች።

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው?»

«እናንተ ጋ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና እቅፌ ውስጥ ቆማ አንቀላፋች። ወንድሜ ቤት ሳደርሳት ስለመቅረት ደግማ አላነሳችም። አንጀቴን በላችው።

በዚያው ሰሞን ከእኔ ጋር ኬክ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ሰበታ አጠገብ ካለችው ከዓለም ገና ደወለች። የምትሠራበት ዳቦ ቤት የቀን ጋጋሪ ይፈልጋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተገብቶ ከሰዓት አሥር ሰዓት ይወጣል። ደመወዙ ከማገኘው ግማሹን ቢያልፍ ነው። የስኳር ጽጌረዳ የሚባል ነገርም የለም፣ ዳቦ ነው፣ ዱቄትና እሳት። አሥራ አራት ዓመት የተማረው እጄ እዚያ ምን ይሠራል? እሁድ ነይና እዪው አለችኝ። ሰኞ ካልሆነ አልመጣም አልኩና ከአለቃዬ ፈቃድ ለመንኩ።

ሰኞ ማለዳ ዓለም ገና መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰው ከቤቱ እየወጣ ወደ ሥራው በእግሩ ይሄዳል። ጭቃ አለ፣ የከባድ መኪና ጭስ አለ፣ ባጃጁ ሊገጨኝ ነበር፤ አላጋንንላችሁም። ግን አንዲት ሴት ልጇን ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላላት፣ ወደ ፋብሪካው ስትሮጥ አየሁ። እንዲህም ይኖራል እንዴ ብዬ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት። የሚከራይ ክፍልም አየሁ። የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ ደግሜ ከፈትኩት።

ማታ ወንድሜ ቤት ደወልኩ። ለቤዛ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዓለም ገና አብረን ልንገባ እንደሆነ፣ ባሕር እንደሌለው፣ እንደሚጨስ፣ ክፍሉ ከቡራዩው እንደሚጠብ።

«ከሥራ ስትመጪ ሳልተኛ ነው የምታገኚኝ?»

«ሳትተኚ ነው፣ የኔ እመቤት። በፀሐይ ነው የምመጣው።»

ስልኩን ለአያቷ ሰጥታ ስትሮጥ ኮቴዋ ይሰማኛል። ለእናቴ ደመወዙን በእውነት ነገርኳት። እናቴ ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ናት፣ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«መቼ ነው የምትወስጃት?» አለችኝ።

«አንቺም ነይ፣ እማዬ።»

«እዚያ ማን ያውቀኛል?» አለች። ቀጥላም፣ «ልብሷን እያጠፈች ነው፣ ሰማሽ? ማንም ሳያዛት» አለችኝ።