ከኮሶው ገጽ የወጣችው መስመር

ቤይሩት በነበርሁባቸው ዓመታት ተቀጥሬ የምጦራቸው አሮጊት ከምሳ በኋላ ይተኙ ነበር። እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «ተታ» ነበር የምላቸው፤ በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው። ሌላ አገር የሚኖረው ልጃቸው እናቱን እያየ የሚያነጋግርበት ኮምፒውተር ሳሎኑ ውስጥ ተክሎላቸው ሄዷል። አብርቶ ማጥፋቱን ያስተማረኝ፣ «እኔ በማልደውልበት ሰዓት ተጠቀሚበት» ያለኝም እሱ ነው። ተፈቅዶልኝም ቢሆን ሁልጊዜ የምቀመጠው እንደ ሌባ ነበር። ወንበሩን ሳላስጮህ ስቤ፣ አንድ ጆሮዬን ወደ መኝታ ቤቱ ጥዬ፣ በስመ አብ ብዬ።

ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት የሚችለውን የአማርኛ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ያገኘሁት በዚያ ኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ የከፈትሁት ገጽ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር፤ ሁለት መስመር ብቻ። በልጅነቴ ደሃና ገጠር ከአክስቴ ዘንድ ክረምት ከርሜ ገብስ ስጠብቅ ጭላዶቹ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ አይቻለሁ። ያንን ጨመርሁበት። «አስቀምጥ» የሚለውን ከተጫንሁ በኋላ ግን ማን ፈቀደልሽ የሚለኝ ሰው ጠበቅሁ።

የመጣው ቁጣ ሳይሆን ምስጋና ነው። የጻፈልኝ አዋሳ ሥነ ሕይወት የሚማር ወጣት ነበር። ስለ ተፈጥሮና ስለ አራዊት የተጻፉትን ገጾች መልክ የማስያዙን ሥራ በፈቃዱ ይዞታል፤ ከእሱ ጋር የምንሠራው ሦስት አራት ሰዎች «አስተባባሪው» እንለው ነበር። አንዳችን ሌላችንን በዓይን አይተን አናውቅም። ሥራው እንስሳውን ከእንስሳ፣ ወፉን ከወፍ፣ ዛፉን ከዛፍ መመደብ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በአንድ ወግ ማሰናዳት፦ መልኩ፣ መገኛው፣ ጥቅሙ፣ መጨረሻ ላይ የወሬው ምንጭ።

«ጅብን የቤት እንስሳት ውስጥ የከተተው ማን ነው?» ብሎ ጻፈ አንድ ቀን።

«እኔ አይደለሁም» አልሁ ደንግጬ።

«እኔ ነኝ» አለ ሌላው። «ሐረር ደርሼ መመለሴ ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ተታ እንዳይነቁ አፌን ያዝሁ።

የኮሶን ገጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ሰቆጣ ቤታችን ኮሶ ይወቀጥ ነበር። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ ያድርና ሰው በባዶ ሆዱ ጠዋት ይጠጣዋል፤ የኮሶ ትሉን ይዞለት ይወጣል። አንድ ቀን እየወቀጥሁ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እርጉዝ ሴት ይህን እንዳትቀምስ። ልጁን ያወርደዋል፤ እሷም አትተርፍም» አለችኝ። ታናሽ እህቴ ለመውቀጥ ስትደርስ ግን ጤና ጣቢያው ኪኒን ይሰጥ ጀምሮ ነበር፤ ሙቀጫው ለበርበሬ ብቻ ሆነ። ለእሷ ያንን የነገራት የለም።

በገጹ ላይ፣ «ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፤ ያስወርዳታል» ብዬ አስቀመጥሁ። አስተባባሪው ገጹን ወደደው። አንድ የፈረንጅ ሐኪም ከጻፈው አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ የሚጠጣውን መጠን አውጥቶ ጨመረበት፤ ምንጭ ያለው በመሆኑ ደስ ብሎታል። ከእኔዋ መስመር አጠገብ ግን «ምንጭ ይጠቀስ» የሚለውን ምልክት አኖረ።

«እህት ዓለም፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከእናቴ።»

«እናትሽ መጽሐፍ አላቸው?»

«ዳዊት አላት። ማንበብ ግን አትችልም።»

የሳቅ ምልክት ላከልኝ። «በይ እንግዲህ፣ ምንጭ እስኪገኝላት ትቆይ።» እኔም የምትቆይ መሰለኝ። ወደ ወፎቹ ገጾች አለፍሁ።

እህቴ ደሃና ገጠር ውስጥ መምህር አግብታለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሁሉም ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ካላት በኋላ ጨነገፈባት። ዓይን ነው የበላብኝ ትላለች፤ እኔም አይደለም ለማለት አልደፍርም። የኮሶውን ገጽ በጻፍሁበት ዓመት ፋሲካ ሰቆጣ እናታችን ዘንድ መጥታ ሳለ፣ ከቤታችን አጠገብ ካለው ሱቅ ስልክ አስደወለችልኝ። ሱቁ ሰው እስኪቀንስ ስለ ከብቱ ስለ ገብሱ ስታወራ ቆይታ ድንገት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አርግዣለሁ። ለእማዬም አልነገርሁ። ከባሌና ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይሰማ፤ በኪዳነ ምሕረት ቃል ግቢልኝ።»

«እዚህ ሆኜ ለማን አወራለሁ? ለተታ?»

«ለተታም!»

በኪዳነ ምሕረት ስም ቃል ገባሁላት። እኔ ስሟን በከንቱ የምጠራ ሰው አይደለሁም።

ክረምቱ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ወደ ሱቁ ደወልሁ፤ ባለሱቁ እናቴን አስጠራልኝ። እናቴ ስልክ ላይ አንድ ልማድ አለባት። የሰማችውን ሁሉ ጮኻ ትደግመዋለች፤ አንድም ሽቦው የሚወስደው የጮኸውን ብቻ ይመስላታል፣ አንድም ሱቅ ውስጥ የቆመው ሰው እንዳይቀርበት ነው።

«እዚያ ዝናብ የለም ነው የምትይው? ነሐሴ ላይ? ኧረ ጉድ ስሙ!»

ሱቁ ሁሉ «ወይ ጉድ» ይላል።

ከዚያ ወሬዋን ቀጠለች። የእህቴ ባል የክረምት ኮርሱን ጨርሶ ከወልድያ መጥቶ ነበር። ስለ ገጾቹ ነግሬው ስለነበር፣ እኔ የጻፍሁትን ሁሉ ወልድያ ላይ ከኢንተርኔት በወረቀት አውጥቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ብሎ ይዞታል። «የጭላዳውን አነበበልኝ፤ ሳቅ ገደለኝ። እህትሽን ደግሞ የኮሶ ትል መከራዋን አሳያት አለኝ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ቢላት አሻፈረኝ አለች። ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርጌ አጠጣታለሁ፣ ሆድ በጾም ባዶ ሲሆን ነው የሚሻለው ብሎ፣ እኔው ገበያ ወርጄ ደህና ኮሶ መረጥሁለት። ዛሬ ጠዋት ሄደ። ማክሰኞ ያጠጣታል።»

ጤና ጣቢያ ለምን አሻፈረኝ እንዳለች እኔ አውቃለሁ። ነርሷ ሆዷን ታያለች፤ ያወቀው አንድ ሰው ለመንደሩ ይበቃል። መንደሩ እንዳይጠረጥራት እየጾመችም ነበር። ራሴን ግን አጽናናሁ። ማስጠንቀቂያው ወረቀቱ ላይ አለ፤ መምህር ነው፤ ያነበዋል።

ተታ እንደተኙ ገጹን ከፈትሁ። አምሮ ነበር። ፎቶ ገብቶለታል፣ ርእስ ርእሱ ተለይቷል። መጠኑ አለ፣ አዘፋዘፉ አለ፣ በባዶ ሆድ የሚለው አለ። የእኔዋ መስመር የለችም። ከታች እስከ ላይ ሁለቴ አነበብሁት። የለችም። ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን ስከፍት ክረምቱ ሳይገባ ወጥታለች፤ ምክንያቱም ተጽፏል፦ «ምንጭ አልቀረበም።»

አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ ቀጣዩ ጠፋኝ። መስመሯን መልሼ ጻፍኋትና ወደ ሱቁ ደወልሁ፤ ስልኩ አይጮኽም፤ በክረምት የሰቆጣ መስመር እንዲህ ድርግም ይላል። ወደ ገጹ ዞር ስል መስመሯ እንደገና ወጥታለች። አስተባባሪው ነው፦ «ምንጭ?»

«እህቴ ልትጠጣው ነው» ብዬ ጻፍሁለት። «እርጉዝ ናት። ባሏ ይህን ገጽ ይዞላት እየሄደ ነው።»

ከዚያ ሁልጊዜ አንቺ ሲለኝ የነበረው ልጅ፣ «እህትዎ የት ነው ያሉት? ስልክ አላቸው?» አለኝ። «መጠኑንም አዘገጃጀቱንም አሁኑኑ አወጣዋለሁ። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።»

አወጣው። ወረቀቱ ግን በእህቴ ባል ፌስታል ውስጥ ደሃና መንገድ ላይ ነበር፤ እሱን ከእኛ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ያን ዕለት ምሽት ከኪዳነ ምሕረት ሥዕል ፊት ቆምሁ። ቃሌን ባፈርስ እሷን አስቀይማለሁ፤ እንደ እህቴ እምነት ደግሞ ዓይኑን ራሴ ልጠራባት ነው። ብጠብቅ ልጁ ይሄዳል፤ ምናልባትም እናቱ። ጸለይሁ እንጂ መልስ ሰማሁ አልልም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ስሞክር የሱቁ ስልክ ጮኸ። እናቴ እስክትመጣ ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲወቅጠው እሰማለሁ።

«እማዬ፣ አሁን የምነግርሽን እንዳትደግሚው።»

«እንዳልደግመው ነው የምትይኝ? እሺ፣ አልደግመውም!»

«ቀስ ብለሽ።»

«ቀስ ብዬ!» ከኋላዋ ሰዎች ሲስቁ ተሰማኝ።

«ኮሶውን እንዳትጠጣ ሰው ላኪባት። ዛሬውኑ።»

«ለምን? አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

«ዝም ብለሽ ላኪ።»

«ልጄ፣ በዚህ ዶፍ ሰው ዝም ብሎ አይላክም። ምን ብዬ ልላክ?»

ካርዱ እያለቀ መሆኑን የምትናገረው የዓረብ ሴት ድምፅ መሐል ገባ።

«እርጉዝ ናት፣ እማዬ።»

«እርጉዝ ናት?» አለች፣ ሰቆጣን በሚያሰማ ድምጿ። አንዲት ሴት «እል—» ብላ ጀመረች፤ ሌላዋ «ዝም በይ!» አለቻት። ከዚያ እናቴ ምንም አልደገመችም። የስልኩ እጀታ ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የባለሱቁን ድምፅ፦ «እናትሽ ወጡ እኮ። ነጠላቸውንም ጥለውት ነው የሄዱት።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ስሠራ የዋልሁትን አላስታውስም። ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፣ እናቴን ወስዷት ይሆናል፣ ጽዋው ተጠጥቶ ይሆናል እላለሁ። ተታ ሾርባቸውን እያጎረስኋቸው እጄን ያዙኝ።

«ማን ሞተብሽ?»

«እስካሁን ማንም» አልኋቸው።

የሰማሁት ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። እናቴ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር ሄዳ ወንዝ አግቷት አደረች። የደረሰችው ማክሰኞ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነበር። እህቴ ጠጥታለች። ሁሉንም አይደለም፤ ምሬቱ አልዋጥ ብሏት ገሚሱን ተፍታዋለች፣ የቀረውንም አስመልሷታል። እናቴ ስትገባ ሆዷን ይዛ ተኝታ ነበር። አልደማችም። እናቴ ከዚያ ቤት አልወጣችም፤ ከአልጋ እንዳትነሣም ከለከለቻት። አስተባባሪው በበኩሉ ምንጭ አግኝቶ መስመሯን ከገጹ አናት ላይ መለሳት።

እህቴ ድምጿን ያሰማችኝ በመስከረም መጨረሻ፣ ሰቆጣ ስትመጣ ነው።

«ሆዴን ገበያ አወጣሽው» አለችኝ። «በግ የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር ስንት ወርሽ ነው ትለኛለች።»

«ባልናገር ኖሮ እኮ—»

«ባትናገሪ ኖሮ ምን? ወረቀቱም ያንቺ፣ ወሬውም ያንቺ። ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ከአንቺ ነው።»

እስከ ኅዳር ድረስ ስልክ በጮኸ ቁጥር በስመ አብ ብዬ ነበር የማነሣው።

ሴት ልጅ ወለደች። ጤነኛ ናት፤ እናቴ እንዳለችው ጩኸቷ ከደጅ ያስመልሳል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ያን ዕለት ደውዬ እንኳን ደስ አላችሁ ካልሁ በኋላ፣ «የክርስትና ስሟን ማን አላችኋት?» ብዬ ጠየቅሁ። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ይሠራበታል ይባላል። አክስት ግን ባዕድ አይደለችም።

እህቴ ስልኩን ከእናቴ ተቀበለች።

«ለአንቺ አይነገርም» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም። እናቴንም እየሰማሁ አስማለቻት።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነ። ጠዋት ስጸልይ የእናቴን፣ የእህቴን፣ የባሏን የክርስትና ስም እየጠራሁ እሄድና ልጅቱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። «ያችን ልጅ» እላለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።